የኳስ ደጋፊው ድምፅና የተበዳይ ጩኸት

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



እኛ በምንኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ ቅዳሜና እሁድ ዐሱር ሰግዶ ከመስጂድ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ጩኸት ይቀበለዋል። አንዱ ጭነው የሚያልፉት የከባድ መኪናዎች ጩኸት ነው። ሌላው የእንግሊዝ ኳስ ከሚታይባቸው ቤቶች የሚወጣው የልጆቻችን ጩኸት ነው። ወላጆች ወደ እኛ እየመጡ፣ «ሸይኽ፣ ልጄ አርሰናል ሲሸነፍ ያለቅሳል፤ መግሪብ ሲያልፈው ግን ምንም አይመስለውም፤ ምን ይሻላል?» ይሉናል። የዚህ ጥያቄ መልስ የታወቀ ነው። ሰላትን የሚያሳልፍ ጨዋታ፣ ቁማር የሆነ ውርርድ፣ ስድብና ጠብ በየትኛውም ስም ቢጠሩ የተከለከሉ ናቸው። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ሁሉ ድምፅ የት ነው የሚውለው? ለግፍ ነው ወይስ ለፍትሕ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመድረሳችን ተማሪዎች አንዱ ከጓደኞቹ ጋር ስታዲየም ገብቶ ነበር። በማግስቱ ቁርኣኑን ዘርግቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ ስንጠይቀው ደጋፊው የአንድን ብሔረሰብ ስም እየጠራ ሲሳደብ እሱም አብሮ መጮሁን ነገረን። የእናቱ ወገኖች የዚያው ብሔረሰብ ተወላጆች ናቸው። «ኡስታዝ፣ ሁሉም ሲጮህ ጮህኩ። ቤት ስገባ እናቴ እራት አቀረበችልኝ፤ ጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ» አለን።

ይህ የአንድ ልጅ ገመና ብቻ አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የሀገራችን ሊግ ጨዋታዎች ብሔር ተኮር በሆነ የደጋፊዎች ግጭት ሲታመሱ፣ አንዳንዶቹም በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ ሲደረግ ሁላችንም አይተናል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 11 ላይ ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ስምም እንዳይጠራራ ከልክሏል። ይህ ክልከላ በስታዲየም በር ላይ የሚያበቃ አይደለም።

ይሁን እንጂ ውድ አድማጮቻችን፣ ያው ድምፅ ለተበዳይ ሊቆምም ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ነቢይ ሳይሆኑ በወጣትነታቸው የተገኙበትን ቃል ኪዳን እናስታውስ። ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን መካ ውስጥ ለዓስ ኢብን ዋኢል ሸጠ። ዓስ ግን ዕቃውን ወስዶ ገንዘቡን ከለከለው። ሰውየው በመካ ዘመድ አልነበረውም። አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን ጮኸ። ያን ጊዜ ከቁረይሽ ጎሣዎች የተወሰኑት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የመካ ተወላጅም ይሁን እንግዳ፣ የተበደለ ሰው መብቱ እስኪመለስለት ድረስ በአንድነት ሊቆሙለት ተማማሉ። የነጋዴውንም ገንዘብ አስመለሱለት። ይህ ሒልፉል ፉዱል ይባላል። ነቢያችን ከነቢይነት በኋላም ይህን ቃል ኪዳን አወድሰው፣ በእስልምና ዘመን ለእንደዚያ ያለ ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ልብ በሉ! የተማማሉት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። የተበደለውም የጎሣቸው ሰው አልነበረም። ያስተሳሰራቸው ፍትሕ ብቻ ነበር።

በኳሱ ዓለምም ይህን የሚመስል ታሪክ አለ፤ ያውም ከሀገራችን። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ስላልፈቀደ ቡድኗ ከውድድሩ ውጭ ሆነ። ኢትዮጵያ የምትጋጠመው ከእሷ ጋር ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ዋንጫው ቀረ፤ አቋሙ ግን አልቀረም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ አፓርታይድን በዓለም መድረክ ሲታገሉ ኖረዋል። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1976 አባረረ። አቶ ይድነቃቸው በ1987 ሲሞቱ አፓርታይድ ገና አልወደቀም ነበር። ለፍትሕ የሚሠራ ሰው ፍሬውን ሳያይ ሊሞት ይችላል፤ ሥራው ግን ባክኖ አይቀርም።

ልጆቻችን ስሙን ዘወትር የሚጠሩት ሊቨርፑልም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሸፊልድ ከተማ በሚገኘው የሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰ መጨናነቅ፣ ኋላ በጉዳቱ ያረፈውን ጨምሮ 97 ደጋፊዎች ሞቱ። ፖሊሶች ጥፋቱን በሟቾቹና በደጋፊዎቹ ላይ አላከኩ፤ ጋዜጣም ሐሰቱን አሰራጨ። እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ቀብረው ስማቸውን ለማጥራት 27 ዓመት ታገሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሟቾችን ጉዳይ የመረመረው ሸንጎ የተገደሉት በሕገ ወጥ መንገድ መሆኑንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው ወሰነ። ከአደጋው በኋላ የከተማው ተቀናቃኝ የኤቨርተን ደጋፊዎች ስካርፋቸውን ከሊቨርፑሎች ስካርፍ ጋር ቋጥረው ከአንዱ ስታዲየም እስከ ሌላው ዘርግተው ነበር። ሜዳ ላይ ተቀናቃኝ፣ በሐዘንና በበደል ጊዜ ግን ጎረቤት ማለት ይህ ነው።

የስኮትላንዱን የሴልቲክ ክለብ ደጋፊዎችም እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ከአንድ የእስራኤል ክለብ ጋር በተደረገ ጨዋታ የፍልስጤምን ባንዲራ በማውለብለባቸው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ክለቡን በገንዘብ ቀጣ። እነሱ ግን የቅጣቱን ያህል ለፍልስጤማውያን እናዋጣ ብለው ተነስተው ከ170 ሺህ ፓውንድ በላይ ሰበሰቡ። ገንዘቡ ለሕክምና እርዳታና በቤተልሔም አጠገብ ባለው የአይዳ የስደተኞች ካምፕ ላሉ ልጆች ዋለ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች አይደሉም። ታዲያ እኛ በዱዓችን ፍልስጤምን የምንጠራ ሰዎች በደጃችን ላለው ተበዳይ ምን አደረግን?

እንግዲህ ልጆቻችን ወደ እንዲህ ዓይነት ዘመቻ ሲጠሩ በሦስት ነገር እንዲመዝኑ እናስተምራቸው። አንደኛ፣ ወሬው እውነት ነው? በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 6 እንደታዘዝነው ሳያጣሩ መነሳት ንጹሑን መበደል ነው። ሁለተኛ፣ በዳዩ የራሳችን ቡድን፣ የራሳችን ወገን ቢሆንም እንቆማለን? ሱረቱን ኒሳእ ቁጥር 135 በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ያዘናል። ለወገኑ ብቻ የሚጮህ ሰው ደጋፊ እንጂ የፍትሕ ሰው አይደለም። ሦስተኛ፣ መንገዱ ንጹሕ ነው? በድንጋይና በስድብ የተጠየቀ ፍትሕ ሌላ ተበዳይ ይወልዳል።

ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሰፈራችን ስንት የቀን ሠራተኛ አለ፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ ከርሞ ደመወዙን የተከለከለ! እንደዚያ የዘቢድ ነጋዴ ዘመድ የለውም፤ የሚወጣበት ተራራም የለውም። እሁድ ጠዋት ማልያ ለብሰው የሚጫወቱት የሰፈራችን ቡድኖች ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው አሠሪውን በጨዋ ደንብ ቢያነጋግሩ፣ ካልሆነም ሠራተኛውን ይዘው ሕግ ወዳለበት ቢሄዱ፣ ይህ የዘመናችን ሒልፉል ፉዱል አይሆንምን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ያንን ሰው ይቅርታ ሳይጠይቁ እንደማይሞላ ነገርነው። ሄዶ ለእናቱ ነገራት። አለቀሰች፤ ከዚያም ይቅር አለችው። አሁንም ኳስ ያያል። ስድቡ ሲጀመር ግን አይጮህም። በቅርቡ፣ «ኡስታዝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ዝም ማለት ከመጮህ ይከብዳል» አለን። እኛም፣ «አንተ ዝም ስትል አጠገብህ ያለውም ያስተውልሃል፤ ቀጥሎ ደግሞ 'ተው' በለው» አልነው።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ማታ ልጃችሁን ማን አሸነፈ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ምን ብለህ ጮህክ ብላችሁም ጠይቁት።

አላህ ምላሳችንን ከግፍ ይጠብቅልን፤ ለተበዳይ ከሚቆሙትም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።