ስለ ፊት ማስለቀቂያ ጨርቅ
(በወርኃዊው ስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። አጀንዳውን ስጽፍ ሊቀመንበራችን አይተው «ጸሐፊ፣ በኩልና በሊፕስቲክ ደግሞ ማኅበር ምን አገባው?» ብለው ስቀውብኛል። እኔም «የመጸዳጃ ቤቱን ሒሳብ ሲያዩ ይገባዎታል» አልኳቸው። ስለዚህ ከሒሳቡ እጀምራለሁ።

እንደምታውቁት በታችኛው ግቢ ያለው የጋራ መጸዳጃ ቤት የስምንት አባወራ ነው። በጥር፣ ሠርግ በበዛበት ሰሞን፣ ጉድጓዱ ሞላና መጣጭ መኪና አስመጣን። ሠራተኞቹ ቱቦውን ከትተው ሞተሩን ሲያስነሱት ጥቂት ሳበና ቀጥ አለ። አወጡት፣ ፈቱት፣ በሽቦ ጎረጎሩት። የወጣው ምን ነበር? ዋይፕስ የሚባለው እርጥብ ሶፍት ነው፤ እንደ ገመድ ተጠማዞ፣ ኩሉና የፊቱ ቀለም ገና ሳይለቅ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። መኪናው ሳይጨርስ ሄደ፤ እኛም ሌላ አስመጥተን ሁለት ጊዜ ከፈልን። ያ ገንዘብ ለመንገድ አምፖል ያስቀመጥነው ነበር። ከመታጠፊያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ጨለማ ሆኖ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ገንዘብ ያዣችን ስለዘነጉ አይደለም። ብዙ ስለታሙ ይኼን ማስተካከል እወዳለሁ።

ይኼ ነገር ስሙ ሶፍት ይሁን እንጂ ወረቀት አይደለም። ወረቀት ውሃ ውስጥ ይበተናል። ዋይፕሱ ግን አብዛኛው የፕላስቲክ ክር አለበት፤ ስትጎትቱት እንኳ አይቀደድም። የእኛ ጉድጓድ ብቻ አይምሰላችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ፣ ኋይትቻፕል በሚባል ሰፈር፣ ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ መስመር ውስጥ ዋይፕስና የወጥ ቤት ቅባት ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ርዝመቱ 250 ሜትር፣ ክብደቱ 130 ቶን ነበር። ሠራተኞች ሳምንታት ሙሉ ሲቆፍሩት ከረሙ፤ ቁራጩንም በማግሥቱ ዓመት ወስደው ለንደን ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ አሳዩት። እኛ ደግሞ የእኛን በየስድስት ወሩ እየከፈልን እናየዋለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? እናቶቻችን ፊታቸውን በምን ይጠርጉ ነበር? ባረጀ ነጠላ ቁራጭ ነው። ያው ጨርቅ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይሠራል። ልጄ ከስልኳ ላይ እንዳነበበችልኝ ደግሞ፣ በፈረንጅ አገርም ሴቶች ክሬማቸውን የሚያስለቅቁት በጨርቅ ፎጣ ነበር። ክሊኔክስ የሚባለው ሶፍት በ1924 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የተሸጠው ለአፍንጫ ሳይሆን ለዚሁ ለክሬም ማስለቀቂያ ነው። በኋላ ሰዉ አፍንጫውን ሲናፈጥበት ጊዜ በ1930 ማስታወቂያውን ቀየሩት። ስለዚህ ጨርቅ ሲባል «የድሮ ሰው» አትበሉን፤ ሶፍቱ ነው የጨርቁን ሥራ የወሰደው።

አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ጨርቅ ተጠቀሙ ብቻ ብዬ ብቀመጥ ስሕተት እሠራለሁ፤ ምክንያቱም የእኔው ቤት ጉድ አይቷል።

የዚያን ጊዜ ልጄ ሚዜ ነበረች። ሠርጉ አልቆ ሌሊት ሲመለሱ አምስቱ ሚዜዎች እኔ ቤት አደሩ። ዋይፕስ የለም፣ ሁሉም ደክሟቸዋል። አንድ ፎጣ አነሡ፣ ቫዝሊን ቀቡበት፣ ተራ በተራ ዓይናቸውን ጠረጉበት። እኔም አይቻለሁ፤ «ጎበዞች፣ ቆጠባችሁ» ብያለሁ። በሦስተኛው ቀን ጧት ልጄ «እማዬ፣ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ» ብላ ጮኸች። በዓይን ምስ ተጣብቆ፣ ቀልቶ፣ አብጦ። ከአምስቱ ሦስቱ እንደዚያው። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «ፎጣ ተጋርታችኋል?» ብላ ነው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በመድኃኒት ዳኑ፤ አንደኛዋ ግን ፈተናዋ አለፋት።

አያቴን ታስታውሰኛለች። ጎጃም ገጠር ነበረች። ትራኮማ፣ እኛ ማዝ የምንለው፣ ዓይኗን ይዟት የቆቧ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይወጋት ነበር። በየሳምንቱ በወረንጦ እነቅልላት ነበር፤ ተመልሶ ይበቅላል። በመጨረሻ አንዱ ዓይኗ ጠፋ። ትራኮማ በእጅ፣ በዝንብና ፊት በተጠረገበት ጨርቅ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። አገራችን በዓለም ላይ የዚህ በሽታ ከፍተኛው ሸክም ያለባት ናት። በቤታችን እናትም ልጅም በአንድ የነጠላ ጫፍ ፊት እንጠርግ ነበር። ማን ነገረን?

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይኼ ነው፦ ጨርቁ ይመለስ፤ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይሁን። እኅትማማች ቢሆኑም፣ እናትና ልጅ ቢሆኑም። ምልክት እንዲሆን ጠርዙ ላይ የየራሳችሁን ቀለም ክር ስፉበት፤ በቤቴ የልጄ ቀይ፣ የእኔ አረንጓዴ ነው። የኩል መኳያውም እንደዚሁ የግል ይሁን። ስለ ኩሉም ካነሣን፣ በልዩ ልዩ አገር ሲመረመር አንዳንዱ ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ማዕድን ተገኝቷል፤ ሕፃን ልጅ አትኳሉ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ያረጀ ነጠላ፣ ወይም ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ካናቴራ፣ ስንዝር በስንዝር ቁረጡ። ክሩ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉ። ሰባት ይበቃል፣ ለአንድ ሌሊት አንድ። መጀመሪያ እጅ ይታጠባል። ውሃ የማይነካው ማስካራና ኩል የሚለቀው በቅባት ስለሆነ ጨርቁን አርጥባችሁ ትንሽ ቫዝሊን አድርጉበት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጨርቁን ቆቡ ላይ አሳርፉና እስከ ሃያ ቁጠሩ። አትሹት! መፈተጉ ነው ቆቡን የሚያቆስለው። ከዚያ ወደ ታች በቀስታ ጥረጉ፤ ለሌላው ዓይን ጨርቁን ገልብጡ። ከዚያ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው። ብጉር ያላት ልጅ ቫዝሊኑን ከዓይኗ አካባቢ አታሳልፍ።

አጠባው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። ቅባት የነካው ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አይለቅም። ሳይደርቅ ያን ሌሊቱን የልብስ ሳሙና አሽታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት። በሳምንት አንድ ቀን ሰባቱንም ለዚሁ በተለየ አሮጌ ድስት ቀቅሉ፤ ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ድርቅ እስኪል ይሰጣ። እርጥብ ሆኖ ቤት ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ የሚሸተው ተሕዋስ ስለሚራባበት ነው። የሊፕስቲክ ቀለም ላይለቅ ይችላል፤ እሱ እድፍ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናታችን ተነሥተው «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጨርቅ ቀቅሉ ትይናለሽ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሰባቱን ጨርቅ ለመቀቀል ሁለት ጆግ ይበቃኛል፤ ማለቅለቂያውን ደግሞ ለመጸዳጃ ቤቱ ወለል አደርገዋለሁ። ውሃ ፈጽሞ በጠፋ ሳምንት ግን ያልታጠበ ጨርቅ ደግሞ ዓይን ላይ አይመለስ፤ ያን ጊዜ ጥጥ ተጠቀሙ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት። ዋይፕስም ቢሆን አትግዙ ብዬ ማንንም አላስገድድም። ወደ ጉድጓዱ አይግባ ነው የምለው። ዓይኑ የቀላ ሰው ደግሞ ኩሉንም ጨርቁንም ትቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወንዶች ስቃችኋል። የጺም መላጫ ፎጣችሁን ከማን ጋር እንደምትጋሩ ቤታችሁ ገብታችሁ እዩ።

በመጨረሻም፣ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ያሉት ልብስ ሰፊያችን ቁርጥራጭ የጥጥ ጨርቅ በነፃ እሰጣለሁ ብለዋል፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ እንቆርጣለን፣ እንሰፋለን። መርፌና ክር ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው በእኔ ነው። በታችኛው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ክዳን ያለው ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲውን በየሳምንቱ የሚደፋው አባወራ ተራ ከዚህ ወረቀት በታች ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ተራ የእኔ ቤት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ