በሰው ወርቅ ስለ መድመቅና የገዛ ቃልን ስለ ማጠፍ
(በሶደሬ በተደረገ የማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ይህ ስብሰባ በሚደረግበት በሶደሬ ጥግ የሚያልፈው አዋሽ እንደ ጥንቱ በገዛ ፈቃዱ የሚሞላና የሚጎድል ወንዝ አይደለም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የክረምቱን ጎርፍ አቁሮ በበጋ እየመጠነ ስለሚለቀው፣ ከግድቡ በታች ያለው ገበሬና ድርጅት ሁሉ፣ ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ አንሥቶ ቁልቁል እስከ መተሐራና እስከ መካከለኛው አዋሽ ድረስ፣ እርሱ ባላወጣው ገንዘብ ይጠቀማል። ታዲያ የግድቡ ባለቤት ተነሥቶ «የበጋ ውሃ ያገኛችሁት በእኔ ሲሚንቶና በእኔ ብረት ነውና ከምርታችሁ ድርሻዬን አምጡ» ቢል፣ ያለአግባብ መበልጸግን የሚመለከተው ሕግ ይሰማዋልን?

አይሰማውም። ግድቡ የተሠራው ለባለቤቱ ለራሱ ዓላማ፣ በተለይም ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ከታች ያለው እርሻ በመልማቱ ከባለቤቱ ኪስ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። መንግሥት በዐዋጅ የውሃ ዋጋ ሊወስን ይችላል፤ ያ ግን ከዐዋጅ የሚመነጭ ክፍያ ነው እንጂ በሰው ወርቅ የደመቀ ሰው የሚመልሰው ዕዳ አይደለም። ጥቅም ሁሉ ዕዳ አይሆንም። ጥቅም ዕዳ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ በግንባታ ቦታ ላይ ቀድሞ የሚነሣ በመሆኑ፣ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ነጋዴ የሸጠው ስኳር ዋጋው ካልተከፈለው ስኳሩን ይመለስልኝ ሊል ይችላል። መሬት ውስጥ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን ወደ መጣበት አይመለስም፤ የመሬቱ ባለቤት ወደደም ጠላም የመሬቱ አካል ሆኖ ይቀራል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ ከቁጥር 2162 ጀምሮ ይዞታል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከሌላው ሰው ድካም ወይም ንብረት ጥቅም ያገኘ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ያንን ሰው መካስ አለበት የሚል ነው። ሐሳቡ በሕጉ አርቃቂ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የተፈጠረ አይደለም። ሮማዊው የሕግ ሊቅ ፖምፖኒዩስ አንዱ በሌላው ጉዳት መበልጸጉ ከተፈጥሮ ፍትሕ ጋር የማይስማማ መሆኑን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጽፎ ነበር። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ያገራችን ብሂልም ከሕግ መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም።

በፈረንሳይ አገር መርሑ በፍርድ ቤት የጸናው እ.ኤ.አ. በ1892 በተወሰነው የቡዲዬ ጉዳይ ነው። ነገሩ ለስምጥ ሸለቆ ሰው እንግዳ አይሆንም። አንድ ነጋዴ ለመሬት ተከራይ ገበሬ ማዳበሪያ በዱቤ ይሸጣል፤ ገበሬው ኪራዩን መክፈል ስላቃተው ባለመሬቱ መሬቱን ከነበቀለበት ሰብል ይረከበዋል፤ የማዳበሪያው ዕዳ ሳይከፈል ይቀራል። ነጋዴው ከባለመሬቱ ጋር አንዳች ውል አልነበረውም። ይሁንና ሰብሉን ያፋፋው የእርሱ ማዳበሪያ ነውና የሰበር ፍርድ ቤቱ ባለመሬቱን ሊጠይቅ ይችላል አለ። ከቆቃ ምሳሌ የሚለየው ምን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል፤ ነጋዴው ማዳበሪያውን አጥቷል፣ የግድቡ ባለቤት ግን ያጣው ነገር የለም።

ሕጉ ለበለጸገውም ወገን መውጫ አበጅቶለታል። በቁጥር 2163 መሠረት ተከሳሹ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ጥቅሙ በእጁ አለመኖሩን ካስረዳ በዚያ ልክ ከመመለስ ይድናል፤ በክፉ ልቡና ያስተላለፈው ወይም መመለስ ሊኖርበት እንደሚችል እያወቀ ያጠፋው ካልሆነ በስተቀር። ይህ በክፍያ ሰርተፊኬት ሥራ ላይ ላለ ሰው ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሦስተኛው ሰርተፊኬት የተከፈለበት ብረት በአምስተኛው ዳግም ተቆጥሮ ቢከፈል፣ የማይገባ ክፍያ ነውና በቁጥር 2164 መሠረት ይመለሳል። ሥራ ተቋራጩ «ገንዘቡን ለሠራተኛ ደመወዝ አውጥቼዋለሁ፤ በእጄ የለም» ቢል መከራከሪያው ብዙ የሚያስኬደው አይመስልም፤ ጊዜያዊ ሰርተፊኬት በመጨረሻው ልኬት የሚታረም መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ከዚህ የሚከብደው ግን ገንዘብ ሳይሆን ሥራ ያለአግባብ ሲወሰድ ነው። በአዳማ ዙሪያ ልል የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋያማ አፈር እየተፈራረቀ የሚገኝ በመሆኑ፣ በንድፉ ላይ የተጻፈው የመሠረት ጥልቀትና በሥራ ላይ የሚያስፈልገው ጥልቀት ሁልጊዜ አይገጥሙም። እንበልና ንድፉ 1.50 ሜትር ይላል። ቁፋሮው እዚያ ሲደርስ አፈሩ በእግር የሚረገጥ እንኳ አይደለም። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ «አንድ ሜትር ጨምር» ይላል። ሥራ ተቋራጩ ይጨምራል። የአሠሪው ወኪል በማግሥቱ መጥቶ ያያል፤ ምንም አይናገርም። ኮንክሪቱ ይፈስሳል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ሕንፃው ይቆማል። የመጨረሻው ሒሳብ ሲቀርብ አሠሪው «የጽሑፍ ትእዛዝ የታለ?» ይላል።

ሥራ ተቋራጩ መጀመሪያ የሚይዘው ቁጥር 2162ን ነው። አሠሪው ጠንካራ መሠረት አግኝቷል፤ ድካሙና ሲሚንቶው የሥራ ተቋራጩ ነው። ዳሩ ግን አሠሪው ውሉን አውጥቶ ያነብባል። በመካከላቸው ውል አለ፤ ውሉም ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ የሥራ ለውጥ አይከፈልም ይላል። ተዋዋዮች ራሳቸው የወሰኑትን ጉዳይ ዳኛ በያለአግባብ መበልጸግ ስም እንዲያፈርሰው መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ ውሉ ራሱ አሠሪው ጥቅሙን በነፃ የሚይዝበት «በቂ ምክንያት» ሆኖ ሊቆጠር ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1898 በእንግሊዝ አገር የተወሰነው የሰምፕተርና የሄጅስ ክርክር ይህን በጨካኝ መልኩ ያሳያል። ሰምፕተር በ565 ፓውንድ ሁለት ቤትና በረት ሊሠራ ተዋውሎ፣ 333 ፓውንድ የሚያወጣ ሥራ ከሠራ በኋላ ገንዘብ አልቆበት አቆመ። ባለመሬቱ ቤቶቹን ራሱ ጨረሳቸው። ፍርድ ቤቱ ባለመሬቱ እመሬቱ ላይ የቆመውን ጅምር ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም ብሎ ለተሠራው ሥራ ክፍያ ከለከለ፤ እቦታው ተትተው ባለመሬቱ ለተጠቀመባቸው ልቅ ዕቃዎች ግን ዋጋቸው እንዲከፈል ተደረገ። ያልተገነባ ጡብ ሊመለስ ይችል ነበር፤ የተገነባው አይችልም።

እዚህ ላይ ነው እንግሊዞች ኤስቶፔል የሚሉት መርሕ የሚያስፈልገው። መርሑ ማን ምን አተረፈ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን በቃሉ፣ በሥራው ወይም መናገር ሲገባው በዝምታው ሌላውን እንዳሳመነና ያ ሌላው ሰው አምኖ ምን እንዳደረገ ነው። አሳምኖ ያሠራ ሰው በኋላ ተመልሶ ተቃራኒውን ሊናገር ቢፈልግ አፉ ይዘጋል። ዳኛው ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1947 በሃይ ትሪስ ጉዳይ ላይ እንዳሉት፣ በጦርነቱ ምክንያት ኪራዩን በግማሽ የቀነሰ አከራይ ጦርነቱ ሲያልፍ ለእነዚያ ዓመታት ሙሉውን ላስከፍል ሊል አይችልም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ብሂል ባለበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ይሁንና ብሂሉ ቢኖርም የኢትዮጵያ ሕግ ይህን መርሕ በአንድ ርእስ ሥር ሰብስቦ አልጻፈውም። ያለው ቁርጥራጭ ነው። በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል፤ በቁጥር 1684 ደግሞ አስቀድሞ የሥራ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል ዝምታ እንደ መቀበል የሚቆጠርበትን ሁኔታ ያሳያል። በቁጥር 1732 ውል በቅን ልቡና፣ በተዋዋዮች መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመን መሠረት እንዲተረጐም ያዛል። ለመሠረቱ ሥራ ከእነዚህ ይልቅ የሚቀርበው ምናልባት ሕግ ሳይሆን የውል ቃል ነው። የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ማለት ፊዲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው በአራተኛው እትም ቀይ መጽሐፍ፣ ንዑስ አንቀጽ 2.5፣ ሥራ ተቋራጩ በቃል የተሰጠውን ትእዛዝ በ7 ቀን ውስጥ ጽፎ ለመሐንዲሱ ካረጋገጠና መሐንዲሱም በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ትእዛዙ እንደ ተሰጠ ይቆጠራል። የመሐንዲሱ ዝምታ በስምንተኛው ቀን ቃል ሆነ ማለት ነው። ብዙ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ተቀብሎ ፋይል ውስጥ ሲያስቀምጠው ምንም ያላደረገ ይመስለዋል፤ እንደ ውሉ ቃል ግን አሠሪውን ባለዕዳ አድርጎታል።

የመሬት ነገር ከዚህ ይብሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1179 ባለመሬቱ ሳይቃወም በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሚሆን፣ ባለመሬቱም ሊያስለቅቀው የሚችለው ካሣ ከፍሎ እንደሆነ ይናገራል። የኤስቶፔል መንፈስ በሕጉ ውስጥ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ግንቡ ሲነሣ እያየ ዝም ያለ ሰው የዝምታውን ዋጋ ይከፍላል። በ1967 ዓ.ም. በወጡት የገጠርና የከተማ መሬት ዐዋጆች፣ ከዚያም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ባለመሬት የሚለው ቃል ዛሬ እንደ ጥንቱ አይነበብም፤ ሆኖም የይዞታ ባለመብትና በይዞታው ላይ የገነባ ሰው መካሰሳቸው አልቀረም።

በተለይ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ በሚያዘው በቁጥር 1723 ዙሪያ የተነሣው ክርክር ይህን ያሳያል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወሰነ። ቤት ሽጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ቁልፉን አስረክቦ ዓመታት ያለፉት ሰው የቤት ዋጋ ሲያሻቅብ «ውሉ አልተመዘገበምና ይፍረስልኝ» ሊል የሚችልበት በር ተከፈተ። ውሉ ሲፈርስ ቁጥር 1815 ሁለቱን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመልሳል። ሻጩ ቤቱን ያገኛል፤ ገዢው ያኔ የከፈለውን ብር ያገኛል። ብሩ በቁጥር ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ያው አይደለም። ያለአግባብ መበልጸግን ለመከላከል የተጻፈ መመለሻ ራሱ አንዱን ያበለጽገዋል። ቆይቶ ችሎቱ በሌላ ጉዳይ ላይ፣ ውል መኖሩን ያልካደ ወገን የፎርም ጉድለትን መከራከሪያ ሊያደርግ አይገባም ወደሚለው ሐሳብ መጣ። ኤስቶፔል የሚለው ቃል አልተጠራም፤ የተሠራው ሥራ ግን የእርሱ ነው። አካሄዱ ትክክለኛ ነው፤ ጉድለቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለሚክድ ሻጭ ብልጫ መስጠቱ ነው። እውነቱን ያመነው ይታሰራል፣ የካደው ይፈታል።

ከዚህ ተነሥቶ የጽሑፍ ግዴታ ሁሉ ይቅር የሚል ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። በቁጥር 1724 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውል በጽሑፍና በመዝገብ እንዲሆን የታዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ተቆጣጣሪና ሥራ ተቋራጭ በጉድጓድ አፋፍ ላይ በቃል የሚስማሙበት «አንድ ሜትር ጨምር» አንዳንድ ጊዜ አፈሩ ሳይሆን ጓደኝነቱ የጠየቀው ሜትር ሊሆን ይችላል፤ የሚከፍለውም ሕዝብ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1951 በኮምና በኮም ክርክር ይህ ዓይነቱ ኤስቶፔል ጋሻ እንጂ ሰይፍ አይደለም ብለዋል። ለሥራ ተቋራጩ ይህ ከባድ ወሬ ነው፤ እርሱ ከሳሽ ነውና የሚፈልገው ሰይፍ ነው። ስለዚህ ተመልሶ ወደ ቁጥር 2162 መሄዱ አይቀርም፤ የአሠሪው ወኪል አይቶ ዝም ማለቱም የአሠሪውን «አላዘዝኩም» ማፍረሻ ይሆነዋል። ሁለቱ መርሖች ተደጋግፈው ካልሄዱ እያንዳንዱ ለብቻው አንካሳ ነው።

እስከዚያ ደርሶ ቢረታ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ቁጥር 2162 የሚያስከፍለው ያበለጸገውን ያህል ነው እንጂ የወጣውን ያህል አይደለም። የተጨመረው አንድ ሜትር መሠረት አሠሪውን ያበለጸገው በስንት ነው? በቁፋሮውና በኮንክሪቱ ዋጋ ነውን? ወይስ ያለ እርሱ ሕንፃው ሊሰነጠቅ ይችል ነበርና በጥገናው ዋጋ? ወይስ ሕንፃው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ላይ ምንም ስላልጨመረ በባዶ? ዳኛው ይህን ከሕግ መጽሐፍ አያገኘውም። ባለሙያ ይቅረብ ብሎ ያዛል፤ የሚቀርበውም ከዚህ ማኅበር አባላት አንዱ ሊሆን ይችላል። እርሱም አፈር የለበሰውን መሠረት ሊለካ ሲሄድ፣ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት የተያዘ የልኬት ወረቀት፣ የሁለቱ ወገን ፊርማ ያለበት የሥራ ቦታ መዝገብ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከሌለ ጉድጓዱ እንደገና እንዲቆፈር ማዘዝ ይኖርበታል፤ የዚያ ቁፋሮ ዋጋ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ሌላ ክርክር ነው።