ስለ ሕፃናት አስም፤ ከተማና ገጠር ስለ ተለያዩበት ነገር

(በዓለም ባንክ ሰፈር የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሕፃናት አስም ነው። ይህን ንግግር በዓለም ባንክ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈሩ የከተማ ዳርቻ ነው፤ ከገጠር የመጣ ወላጅ ከተሜ ልጅ ያሳድግበታል። ወደ ጅማ የሚወስደውም መንገድ በጎረቤታችን በአየር ጤና በኩል ያልፋል። ማስረጃችንም የተገኘው ከጅማ ነው።

የጅማ የጤና ባለሙያዎችና የእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ገጠር ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎችን፣ ከልጅ እስከ አዋቂ፣ ጠየቁ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። አስምና የደረት ማፏጨት በከተማው በዝቶ፣ በገጠሩ አንሶ ተገኘ።

ይህ እንዴት ይሆናል? የገጠር ልጅ በእንጨትና በኩበት ጢስ መካከል ያድግ የለምን? ምክንያቱ ጢስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጠሩ በባሰ ነበር። ይልቁንም በቆዳ ምርመራ፣ ሰውነታቸው በቤት አቧራ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች የሚቆጣ ሰዎች በገጠር በዝተው ተገኙ፤ ነገር ግን ይህ ቁጣ ከደረት ማፏጨት ጋር የተያያዘው በከተማ ነው። እንግዲህ ገጠሩ የሚከላከለው፣ ወይም ከተማው የሚቀሰቅሰው ነገር አለ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ከጅማ የወጡ ሁለት ጥናቶች ፍንጭ ሰጡ። መንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ማፏጨት አንሶ ታየ፤ በቤታቸው በላምባ በሚያበስሉት ዘንድ ደግሞ የአለርጂ ምልክት በዛ። ይህን ስንል ትል ይጠቅማል ማለታችን አይደለም፤ መንጠቆ ትል የልጅን ደም የሚመጥ ጠላት ነው። የምንለው፣ አኗኗር ሲለወጥ በሽታም አብሮ ይለወጣል ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ! ሌሊት የሚያስለውንና ደረቱ የሚያፏጨውን ልጅ «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ መተው ሕይወት ያስከፍላል። አስም አይተላለፍም፤ ሊቈጣጠሩትም ይቻላል። ሐኪም በየቀኑ ይወሰድ ብሎ ያዘዘውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት «ተሽሎታል» ብሎ ማቋረጥ ግን አደጋ ነው።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በየሰፈራችን ይህን ለወላጆች እናስረዳ፤ የታመመውንም ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እንምከር። ከተማው ማደጉ አይቀርም፤ የልጆቹ ትንፋሽ ግን የዕድገቱ ዋጋ መሆን የለበትም። የጎረቤታችን የአየር ጤና ስም ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እንትጋ።