ከትምህርቱ በፊት ልጁ

ሴት አቅራቢ፦ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ቁርስና ምሳ ያበላሉ። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያሉትም እንዲሁ። ታዲያ የጠገበ ልጅ ለመማር ተዘጋጀ ማለት ነው?

ወንድ አቅራቢ፦ ገና ነው እህቴ። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ወላጅ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ልጁ የከፋውን ለማን ይንገር?

ሴት አቅራቢ፦ ለትምህርት ቤቱ ነዋ!

ወንድ አቅራቢ፦ እንዲነግር ግን ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው በስሙ ይጥሩት። ያረፈደውን ከመቅጣታቸው በፊት «ምን ሆንክ ልጄ?» ይበሉት።

ሴት አቅራቢ፦ ውጤትስ? ወረዳውም ወላጁም የሚጠይቀው እሱን ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ የፈራና የከፋው ልጅ ትምህርት አይገባውም። ውጤት የሚመጣው ልጁ ሲረጋጋ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ እንግዲህ ርዕሳነ መምህራን፣ ሥራችሁን ከልጆቹ ደኅንነት ጀምሩ።