የቀይ ቀበሮ መንጋጋና የባሌ ፍልፈል



አንድ መሣሪያ ለአንድ ሥራ ብቻ እየተሞረደ በሄደ መጠን በዚያ ሥራ ይራቀቃል፤ ለሌላው ግን ይሰንፋል። ይህን ማንኛውም ብረት ሠሪ ያውቀዋል። በእንስሳት አካልም ላይ እንደዚሁ መሆኑን ለማየት ከባሌ ተራሮች የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

የሰነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ዛፍ የለበትም፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከአፈሩ ሥር፣ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ግዙፍ ፍልፈል ይኖራል፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። ምግቡ ሣርና ቅጠል ስለሆነ በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቅ ማለት ግድ ይሆንበታል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ተጠግተው የተሰኩ ናቸውና ገላው ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። ከዚያም የኋላ አካሉን ከቀዳዳው ሳያርቅ አፉ የደረሰበትን አጭዶ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሲያበቃ ቀዳዳውን በአፈር ይደፍናል። እንዲህ ያለውን ጠንቃቃ ማጥመድ ቀላል አይደለም።

የሚያጠምደው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ወገኑ ከተኩላ ነው። አፉ ረጅምና ቀጭን፣ ጥርሶቹ ትንንሽና የተራራቁ ናቸው። በአንጥረኛ ቤት ከረጅም ጉጠት ጋር ይመሳሰላል። የመንጋጋው ጡንቻ የሚይዘው ከማጠፊያው አጠገብ ስለሆነ፣ አፍ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል፤ የሚደርስበት ርቀትና የመዝጊያው ፍጥነት ግን ይጨምራል። አጥንት ለመስበር ይህ ጉድለት ነው፤ ከቀዳዳ አፍ ላይ ፍልፈልን ለመንጠቅ ግን የሚበልጠው የለም። አልፎ አልፎ ግልገል ቢይዝም የዕለት ቀለቡ አይጥና ፍልፈል ነው።

አንድ ፍልፈል ለሁለት ስለማይበቃ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ለብቻው ነው። አስገራሚው ነገር፣ ኑሮው የመንጋ መሆኑ ነው፤ ንጋትና ምሽት ተሰብስቦ ይላላሳል፣ ወሰኑንም በኅብረት ይጠብቃል። አደጋውም የሚመጣው በዚሁ በር ነው። ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንዱን ከያዘ መንጋውን ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለቁ። ወረርሽኙ ወደ ሌሎቹ እንዳይሻገር ባለሙያዎች በአጎራባቹ ያሉትን እያጠመዱ ከተቡ፤ ተሳካላቸውም።

ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል፤ የሚበዙትም በባሌ ናቸው። እርሻና ግጦሽ ሽቅብ ሲወጣ ጉጠቱ የተሠራለት ምግብ ወደሌለበት ቆላ መውረድ አይችሉም። እያንዳንዱን እያጠመዱ መውጋት አድካሚ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ በሌሊት በየወሰናቸው መበተን ተጀምሯል።