የወንዝ እስትንፋስና የስሌት እርምጃ



ፍሳሽ ወደ ወንዝ በገባ ጊዜ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያበሰብሱ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ፤ አየሩ ደግሞ የጎደለውን ቀስ በቀስ ይተካል። ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኦሃዮን ወንዝ መርምረው ይህን መጓተት እ.ኤ.አ. በ1925 በአንድ ቀመር ገለጹት። ቀመሩ ዛሬም ለአካባቢ ምህንድስና ተማሪ እንደ ፊደል ገበታ ያገለግላል።

ወንዙ ወጥ ሲሆን ቀመሩ በወረቀት ላይ ይፈታል። ነገር ግን የአቃቂን ወንዞች የመሰለ፣ በየሰፈሩ አዲስ ፍሳሽ የሚጨመርበት፣ ክረምትና በጋ መጠኑ እጅግ የሚለያይ ወንዝ እንዲህ አይገራም። ስለዚህ መሐንዲሱ ጊዜውን በትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ፣ ከአንዱ ውጤት ተነሥቶ ቀጥሎ ያለውን እያሰላ ይጓዛል። የቁጥር ስሌት ዘዴ የሚባለው ይኸው ነው። አደጋውም ያለው በእርምጃው ርዝመት ላይ ነው።

ለማስረጃ ያህል አንድ ወንዝ በሐሳብ ይፈጠር። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ንጹሕ ውኃ በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ በባሕር ጠለል ቢሆን 9 ያህል በያዘ ነበር። ኦክሲጅን ፈላጊው ቆሻሻ በሊትር 20 ሚሊግራም፣ የመበስበሱ ፍጥነት በቀን 0.3፣ አየሩ የሚተካበት ፍጥነት 0.6 ይሁን። በወረቀት የተገኘው እውነተኛ መልስ እንደሚያሳየው ጉድለቱ በ2.3 ቀን ከፍተኛው ላይ ደርሶ 5 ሚሊግራም ይሆናል፤ በወንዙ ውስጥ 2 ይቀራል። ለዓሣ የማይበቃ ቢሆንም ውኃው ገና አልታፈነም።

ይህንኑ ወንዝ በቀላሉ የኦይለር ዘዴ፣ በአንድ ቀን እርምጃ የሚያሰላ ተማሪ ግን የጉድለቱን ጣሪያ 6.6 ያገኘዋል። በእርሱ ስሌት የቀረው ኦክሲጅን 0.4 ብቻ ስለሆነ ወንዙ ሊሸት አፋፍ ላይ ደርሷል። እርምጃውን ወደ ግማሽ ቀን ቢያሳጥር 5.64፣ ወደ ሩብ ቀን ቢያወርድ 5.28 ይሆናል። በአንጻሩ የሩንጌና የኩታ አራተኛ ደረጃ ዘዴ በዚያው በአንድ ቀን እርምጃ በሁለተኛው ቀን 4.94 ይሰጣል፤ የዚያ ቀን እውነተኛ ዋጋ 4.95 ነው።

ከእንጦጦ በድንጋይ ላይ እየተላተመ የሚወርድ ጥልቀት የሌለው ጅረት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። አየሩ የሚተካበት ፍጥነት በቀን 5 ቢሆንና ተማሪው በግማሽ ቀን እርምጃ በኦይለር ዘዴ ቢሄድ፣ ስሕተቱ በየእርምጃው ምልክቱን እየለወጠ አንድ ተኩል እጥፍ ያድጋል። በአምስተኛው እርምጃ ጉድለቱ ከ10 ያልፋል፤ 7 ብቻ ከሚይዝ ውኃ 10 ጎደለ ማለት ነው! በዚህ ጅረት ላይ እርምጃው ከ0.4 ቀን ማነስ አለበት።

እንዲህ ያለው ስሕተት ራሱን ያጋልጣልና ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው 6.6 ነው፤ ጨዋ መስሎ በሪፖርት ውስጥ ይቀመጣልና። አሰሊው ውጤቱ ከመስክ ልኬት ጋር አልገጥም ሲለው፣ ጥፋቱን ከእርምጃው ላይ ሳይፈልግ የመበስበሱን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያስማማዋል። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ከልኬቱ ጋር ይስማማል፤ የወንዙ ጠባይ ግን ተዛብቷል። በዚያ ፍጥነት የተተለመ የፍሳሽ ማጣሪያ ምን ያህል ቆሻሻ ማስወገድ እንዳለበት በትክክል አይታወቅም፤ ከአቃቂ ዳር በወንዙ ውኃ አትክልት የሚያለማው ገበሬም የሚደርሰው ውኃ በዚሁ ይወሰናል።

ስለሆነም ትምህርቱን ከተዘጋጀ ፕሮግራም መጀመር ትክክል አይመስልም። ቻፕራና ካናሌ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ታዋቂ የመማሪያ መጽሐፍ የስሕተትን ጥናት ከፊት አስቀድመውታል፤ ቻፕራ ራሱ የውኃ ጥራት መሐንዲስ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ተማሪው አስቀድሞ መልሱ የታወቀውን ወንዝ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በኤክሴል ሠንጠረዥ ያስላ፤ እርምጃውንም ግማሽ እያደረገ ውጤቱ መለወጡን እስኪያቆም ይመልከት። ኳል 2ኬን የመሰሉ ፕሮግራሞች ከዚያ በኋላ ቢመጡ ይደርሳሉ። ሪፖርት የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶችም ስሌቱ በምን ያህል እርምጃ እንደ ተሠራና እርምጃው በግማሽ ሲያጥር ምን ቁጥር እንደ ተገኘ በአንድ መስመር እንዲጻፍላቸው ሊጠይቁ ይችላሉ።