ለአራስ እህታችሁ ቫይታሚን ኤ ከመላካችሁ በፊት

(በአርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ከሳልሚያም፣ ከፋርዋኒያም፣ ከጅሌብም ያለቻችሁን አንድ የዕረፍት ቀን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሻንጣ ነው። አንዷ አገር ቤት ልትገባ ስትል ሁላችንም ዕቃ እናስይዛታለን። ሽቶውና ሳሙናው ይሁን። አሁን አሁን ግን «እህቴ ወልዳለች፣ ለአራስ ጥሩ ነው» እየተባለ ከሰይደሊያ የቫይታሚን ኤ ፍሬ በጠርሙስ እየተገዛ ይላካል። በዚህ ላይ ነው መነጋገር የፈለግሁት።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኩዌት ከመምጣቴ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ እናት በወለደች በ45 ቀን ውስጥ 200 ሺህ ዩኒት ያለው አንድ ፍሬ ይሰጣት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ሕፃን ሲወለድ በጉበቱ ያጠራቀመው ቫይታሚን ኤ ጥቂት ስለሆነ በጡት ወተቷ በኩል እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ከእናንተም መካከል የዋጣችሁት ትኖራላችሁ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ግን የዓለም ጤና ድርጅት የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ አይቶ፣ ፍሬው የእናትንም የሕፃኑንም ሕመምና ሞት ለመከላከል ተብሎ ለአራሶች እንዲሰጥ አልመክርም አለ። ቀደም ሲል በኔፓል ትንሽ ትንሽ መጠን በየሳምንቱ የወሰዱ ሴቶች ሞት ቀንሶ ታይቶ ነበር፤ ብዙ ተስፋ የተጣለው ለዚህ ነው። በጋና ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2010 ውጤቱ ሲወጣ ግን ያ ጥቅም አልታየም።

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ይጎዳል እንጂ! ቫይታሚን ኤ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም፣ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ፣ በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት፣ የፅንሱን አካል ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህ ነበር የ45 ቀን ገደብ የተደረገው፤ ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ሳታውቀው አርግዛ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሻንጣ ደግሞ ስንት ወር ቆይቶ ነው የሚደርሰው? ከደረሰም በኋላ ጠርሙሱ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር የለም፣ በየቀኑ ትውጠዋለች።

እዚህ ያላችሁትም ልብ በሉ። ለነፍሰ ጡር በቀን ከ10 ሺህ ዩኒት (3 ሺህ ማይክሮግራም) በላይ አይመከርም። የዓሣ ጉበት ዘይትም ቫይታሚን ኤ አለበት፤ ኦሜጋ 3 ከሚባለው ተራ የዓሣ ዘይት ጋር አታምታቱት። ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይንም የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው። እሱን የምትወስድ ሴት ማርገዝ የለባትም፣ ካቆመችም በኋላ አንድ ወር መቆየት አለባት። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

ታዲያ ለአራሷ ምን እንላክ? እኔን ብትጠይቁኝ ብር ነው። እንቁላል ትግዛበት። ገንፎው በቅቤ ሲሆን ቅቤው ራሱ ቫይታሚን ኤ አለው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ትብላ፤ ጎመኑና ካሮቱ ዘይት ወይም ቅቤ ሲነካቸው ሰውነት በደንብ ይወስዳቸዋል። ከአትክልት የሚገኘው እንደ ፍሬው ፅንስ አይጎዳም። የደም ማነስ ፍሬ (አይረን) ጤና ጣቢያ ከሰጣት ሳታቋርጥ ትውሰድ። ማታ ማታ ማየት ካቃታት፣ ዳፍንት የምንለው ማለት ነው፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ስልክ ስትደውሉ ደግሞ ስለ እንገሩ ንገሯቸው። በአንዳንድ አካባቢ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፣ ሕፃኑ ቅቤ ይልሳል። በቫይታሚን ኤ የበለጸገው ወተት እሱ ነው! በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ።

የልጆቹ ግን ሌላ ነው፣ እንዳይምታታባችሁ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት በየ6 ወሩ የሚሰጠው አልቀረም። ከ6 እስከ 11 ወር 100 ሺህ፣ ከዓመት በላይ 200 ሺህ ዩኒት ነው። እናታችሁ ጋ ልጅ የተዋችሁ፣ «ወስዷል ወይ? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያንን ጤና ኬላው ይስጠው፣ እናንተ አትላኩ።

የገዛችሁት ጠርሙስ ካለ በሚቀጥለው አርብ ይዛችሁ ኑ፣ ወይም ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሡት። አብረን እናነበዋለን።